የጉጉት ጫጩት እጃችሁ ላይ ብትወድቅ፦ ከእኛ እርሻ የተገኘ ልምድ

የዱር ወፍ ጫጩት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ላብላት?» ብሎ ነው። እኔን ስትጠይቁኝ ግን መልሼ «ከየት አገኛችኋት?» እላችኋለሁ። ጎጆዋ ካለ፣ እናትና አባቷም በሕይወት ካሉ ሥራችሁ መመለስ እንጂ ማሳደግ አይደለም። «ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ አትቀበለውም» የሚባለውን እርሱት። ወላጆቹ የልጃቸውን ጩኸት ሰምተው ይመጣሉ፣ የእናንተን የእጅ ሽታ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ላባ አውጥታ መሬት ላይ የምትንደፋደፍ ጫጩት ደግሞ ብዙ ጊዜ መብረር እየተለማመደች ነው፣ አልጠፋችም። ድመትና ውሻ የማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጧትና ዞር በሉ።

የእኛዋ ግን መመለሻ አልነበራትም።

እርሻችን ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ነው። ጤፍና ሽምብራ እናመርታለን፣ ጥቂት ዶሮም አለን። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠና የአሮጌውን ቤት ጣሪያ እንቀይር ብለን ቆርቆሮው ሲነሳ ኮርኒሱ ላይ የጉጉት ጫጩቶች ወጡ። ጎጆ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ይህቺ ነጭ ፊት ያላት ጉጉት እንደ ሌላው ወፍ ሣርና ጭራሮ ተሸክማ ቤት አትሠራም፣ ጨለማና ደረቅ ጥግ ካገኘች እዚያው ትፈለፍላለች። ከሠራተኞቹ አንዱ ሲያያቸው አማተበና ዱላ አነሳ። ደርሼ ሳስቆመው የቀረችው አንዷ ብቻ ነበረች። እሱን ብዙም አልፈርድበትም፤ ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ከዚያ ቤት ሬሳ ይወጣል እየተባልን ነው ሁላችንም ያደግነው።

የዚያን ዕለት ማታ ጫጩቷን ካርቶን ውስጥ አድርገን፣ ከድሮ ቦታዋ አጠገብ ከፍ ያለ ግድግዳ ላይ ሰቀልናት። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ወላጅ ካለ ሌሊት ድምፅዋን ሰምቶ ይመጣል። ሲርባት ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማውን ዓይነት ፉጨት ሳታቋርጥ ታሰማለች፣ አታመልጣችሁም። እኛ ዘንድ ማንም አልመጣም። በማግስቱ ማሳው ዳር አንድ ትልቅ ጉጉት ሞታ ተገኘች። ገላዋ ላይ ቁስል የለም። ምን እንደገደላት በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ ግን በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ የአይጥ መርዝ ያልበተነ ቤት አልነበረም። ወደ መርዙ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። የዱር እንስሳትን የሚመለከተው አዋጅ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ወፍም የዱር እንስሳ ናት። ስለዚህ «አገኘኋት፣ አሳደግኋት» ብቻውን በቂ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለአካባቢያችሁ የዱር እንስሳት ባለሙያ ማሳወቅ አለባችሁ። እኔ መጀመሪያ የደወልኩበት ቢሮ ስልኩን ያነሳው ሰው «ጉጉት? ምን ያደርግልሻል፣ ጣያት» ብሎኝ ነበር። ተስፋ አትቁረጡ፣ ሌላ ቁጥር ደውሉ። ለአንበሳና ለአቦ ሸማኔ ዓይነቱ ከሆለታ አቅራቢያ ያለው እንሰሳ ኮቴ የተባለ የማገገሚያ ማዕከል አለ። ለእኛ ግን የቀረበን የእንስሳት ሐኪም ነበር፣ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለበት ከተማ ስለሆነ በዚህ ዕድለኞች ነን። ክንፏን ዳስሶ ስብራት እንደሌለ ነገረን። ወደ ባለሙያ ያገናኘንም እሱው ነው።

አሁን ወደ ምግቡ።

ከምግብ በፊት ሙቀት ይቀድማል። የበረዳት ጫጩት የበላችውን መፍጨት አትችልም፣ ሆዷ ውስጥ ይበላሽባታል። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ካርቶኑ ውስጥ በአንድ በኩል አስቀምጡላት፣ ሲሞቃት እንድትርቅ በሌላው በኩል ባዶ ቦታ ይኑር። ካርቶኑን ክደኑት። ጨለማ ያረጋጋታል። ውሃ በአፏ አታንቆርቁሩ፣ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ይገድላታል። የሚያስፈልጋትን ውሃ ከምትበላው ታገኛለች። ወተት፣ በወተት የራሰ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ሩዝ፣ እነዚህን ሁሉ ሰው ከርኅራኄ ብሎ ሲሰጥ አይቻለሁ። ጉጉት ሥጋ በል ናት። ሥጋ ስላችሁ ደግሞ ከሉካንዳ የተገዛ ቀይ ሥጋ ማለቴ አይደለም። አጥንትና ጸጉር የሌለው ሥጋ ብቻ የበላች ጫጩት ካልሲየም ስለማታገኝ እግሯ ይጣመማል። ሙሉ አይጥ ያስፈልጋታል፣ ከነአጥንቱ፣ ከነጸጉሩ፣ ከነሆድ ዕቃው። ትንሽ ሳለች ቆራርጣችሁ፣ ላባዋ መውጣት ሲጀምር እንዳለ።

አይጥ ከየት ይመጣል? በወጥመድ። በመርዝ የሞተ አይጥ በፍጹም አይሆንም። የሰፈሩ ልጆች የማሳ አይጥ ይዘው ሲመጡ ሳንቲም እንሰጣቸው ነበር፣ በኋላ ሥራ አድርገውት ዋጋ ጨመሩብን። ሲጠፋ ደግሞ ቢሾፍቱ ከዶሮ እርባታ ጋር የተያያዘ ከተማ ስለሆነ መላ ነበረን። የእንቁላል ዶሮ የሚፈለፍሉ ቦታዎች ወንዶቹን ጫጩቶች በተፈለፈሉ ዕለት ያስወግዷቸዋል፣ እነሱን ጠይቀን ወስደን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ሰው ሲሰማ ይዘገንነዋል፣ ግን በዓለም ላይ አዳኝ አሞሮችን ከሚያሳድጉት ብዙዎቹ የሚመግቡት እሱን ነው። በበሽታ የሞተ ዶሮ ግን እንዳትሞክሩ። ፈንግል የገባበት ቤት ዶሮ ለጉጉቷም ያስተላልፍባታል። ከማቀዝቀዣ ያወጣችሁትን በረዶውን አሟሙቱት፣ ሞቅ ሳይል አትስጧት።

በልታ ከጨረሰች ከሰዓታት በኋላ አንገቷን ትዘረጋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ የታመመች ይመስላችኋል። ከዚያ አፏን ከፍታ ጥቁር፣ ርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አውራ ጣት የሚያህል ድብልብል ነገር ትተፋለች። ያልተፈጨው ጸጉርና አጥንት ነው። እሱን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ሆዷ እየሠራ ነው። ድብልብሉን መትፋት ካቆመች ወይም ኩሷ አረንጓዴ ፈሳሽ ብቻ ከሆነ ወደ ሐኪም። አንዱን ሳህን ላይ ውሃ ጨምሬ በስንጥር ስፈታው ውስጡ የአይጥ ጭንቅላት ሳይሰበር ቁጭ ብሎ ነበር፣ የፊት ጥርሶቹ ብርቱካናማ፣ መንጋጋው ለብቻ፣ የጎድን አጥንቶቹ ከመርፌ የቀጠኑ። ይህቺ ሳህን በኋላ ትልቅ ሥራ ሠርታልኛለች።

ሌላው ከምግቡ የማይተናነስ ጉዳይ ሰው እንዳትለምድ መጠንቀቅ ነው። ለብቻዋ ያደገች የጉጉት ጫጩት ዓይኗ እያየ የሚመግባትን ሰው እናቷ አድርጋ ትይዘዋለች፣ ራሷንም ሰው ነኝ ብላ ታድጋለች። አንዴ እንዲያ ከሆነ አይስተካከልም። ሰው ስታይ ከመሸሽ ትጠጋለች፣ ትከሻው ላይ ልታርፍ ትመጣለች፣ ጉጉት በሚፈራበት አገር ደግሞ ትከሻው ላይ ጉጉት ያረፈበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ነጠላ ፊቴ ላይ ተከናንቤ፣ ሳልናገር፣ አይጡን በረጅም መቆንጠጫ ከመጋረጃ ኋላ እሰጣት ነበር። ሥራ የገባኝ ጊዜ እማዬ ትተካኛለች፣ እሷም ነጠላ አጥታ አታውቅም። ስም አላወጣንላትም። ልጆቹ በየቀኑ አዲስ ስም ይዘው ይመጡ ነበር፣ ዓይኗን እንኳ ሳላሳያቸው እመልሳቸዋለሁ። ጨካኝ ተብያለሁ። ፎቶ ለመነሳት የሚመጣ ዘመድም አዝኖብኛል።

ስታድግ እጃችሁን ጠብቁ። አፏን ትፈራላችሁ፣ የሚያደማው ግን እግሯ ነው። ወፍራም የቆዳ ጓንት ግዙ፣ ከነካችኋት በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ በሳሙና ታጠቡ።

ላባዋ ሲያልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ያስፈልጋታል። እኛ ባዶ የነበረውን የዶሮ ቤት አጸዳንላት። የዶሮ ሽቦ ላይ ስትጋጭ ላባዋ ይሰበራል፣ ላባው የተሰበረ ጉጉት ደግሞ ማደን አይችልም፣ በመሆኑም ሽቦውን ከውስጥ በማዳበሪያ ሸፍነነዋል። ሐምሌ ላይ መብረር ችላለች፣ ግን አልለቀቅናትም። የዚህች ጉጉት ላባ ድምፅ እንዳያሰማ ልስልስ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ውሃ አይችልም። በክረምት ዝናብ ልምድ የሌላትን ወፍ ማስወጣት በረሃብ መግደል ነው። ክረምቱን ከእኛ ጋር ከረመች።

በዚያ ጊዜ አደን ተማረች። ማስተማር አያስፈልግም፣ ዕድሉን መስጠት ነው። ጥልቀት ያለው ሳፋ ውስጥ የጤፍ ገለባ ሞልተን ሕያው አይጥ ከታች እንለቅባታለን፣ መብራት አጥፍተን በቀዳዳ እናያለን። መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ ታየው ነበር። አይጡ ገለባ ሲያንኮሻኩሽ ፊቷን ወደ ታች ደፍታ አንገቷን ቀኝና ግራ ታደርጋለች፣ አንዱ ጆሮዋ ከሌላው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ድምፁ ከየትኛው ከፍታ እንደሚመጣ የምትለየው በዚያ ነው። ከዚያ ትወርዳለች። ክንፍ የሚባል ድምፅ የለም። ገለባው ብቻ ነው የሚሰማው። ከሳፋው ሕያው አይጥ በተከታታይ ማውጣት እስክትችል ድረስ አትልቀቋት።

ጎረቤታችን እማማ ይህን ሁሉ ከአጥር ወዲያ ሆነው ይከታተሉ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ሞትን ቀለብ ሰፍረሽ ታሳድጊያለሽ?» ይሉኛል። እናቴንም ለብቻ ጠርተው መክረዋታል። እኔ ትምህርት ለመስጠት አልሞከርኩም፣ ትልቅ ሰው በክርክር አይሸነፍም። ያችን ሳህን ይዤላቸው ሄድኩ። የአይጥ ጭንቅላቶቹን አንድ በአንድ አዩ። «ይሄ ሁሉ ከአንዷ ሆድ?» አሉ። አንድ ትልቅ ጉጉት በአንድ ሌሊት ሦስት አራት አይጥ ትበላለች ስላቸው ወደ ጎተራቸው ዞር ብለው አዩ። ዛሬም ማታ ድምፅዋን ሲሰሙ ያማትባሉ። ግን መርዝ መግዛት ትተዋል።

የለቀቅናት ጥቅምት ላይ ነው፣ ዝናቡ ቆሞ እህሉ ሲደርስና አይጡ ሲበዛ። አጓጉል ሥነ ሥርዓት አያስፈልግም። አመሻሽ ላይ የዶሮ ቤቱን መስኮት ከፍተን ሄድን። ምግቧን በዚያው ቦታ ላይ ማስቀመጥ አላቋረጥንም፣ ይህ ዋናው ነው፣ ከቤት የወጣች ዕለት ራሷን ትችላለች ብላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ሰሞን እየመጣች ትበላ ነበር፣ ከዚያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ ሳህኑ ሳይነካ ማደር ጀመረ።

ማሳደጉን ይህን ያህል የዘረዘርኩት ጠያቂ ስለሚበዛበት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ነው። ወፏን የት ነው የምትለቋት? ዛፉ ተቆርጦ፣ ወሰኑ ታርሶ፣ አይጡ መርዝ በልቶ ባለበት ቦታ አንዲት ጉጉት አሳድጎ መልቀቅ ልፋት ብቻ ነው።

መሬት የእኔ አይደለም፣ የማንም የግል አይደለም፣ ያለን የይዞታ ደብተር ነው። ከሁለት ሄክታር አይበልጥም። ግን የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ እስከ የት እንደሚታረስ፣ ምን እንደሚረጭ የሚወስነው ባለይዞታው ነው። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። በአድአ አካባቢ የድሮ ገበሬ ጤፍ ማሳው መሀል ገርቢ የሚባለውን የግራር ዓይነት የማይቆርጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ ዛፍ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል፣ ስለዚህ ሰብሉን ጥላ አያጠላበትም፣ የረገፈው ቅጠል ደግሞ ለመሬቱ ማዳበሪያ ነው። አባዬ የተዋቸውን እኛም አልነካናቸውም። አሁን ጉጉቷም ጭልፊቱም የሚያርፉት እነሱ ላይ ነው። ጫፍ ላይ ያለው ሾላ ሲያፈራ የሚመጣውን የወፍ ዓይነት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ከእማዬ ጋር የተጨቃጨቅነው ስለ ደረቀው ዛፍ ነው። ለእሷ ደረቅ ዛፍ ማገዶ ነው፣ ልክ ናት፣ ማገዶ በዚህ ዋጋ። ለእኔ ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ግንድ የብዙ ወፍ ቤት ነው። ቅርንጫፉ ለማገዶ ተቆርጦ ግንዱ እንዲቀር ተስማማን። ከወሰኑ ዙሪያ ደግሞ ሁለት ሦስት እርምጃ የሚሆን ሣር ሳይታረስ ይቀራል። ለከብት ታጭዶ ይሰጣል፣ ግን እስከ ሥሩ አይጋጥም፣ አይቃጠልም። ጎረቤቶች «ጦም ያደረ መሬት» ይሉታል። እኔ አይጥ ከጤፉ ይልቅ እዚያ ውስጥ ቢኖርና ጉጉት ብታድነው እመርጣለሁ።

መርዝ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ወዲያው አይገድልም። ደም እንዳይረጋ አድርጎ ቀናት ነው የሚወስድበት። በእነዚያ ቀናት አይጡ ደክሞ፣ ዘገምተኛ ሆኖ ሜዳ ላይ ይንቀዋለላል፣ ጉጉትም ጭልፊትም ድመትም የሚይዙት እሱን ነው። መርዙም ተከትሎ ይገባል። ውሻና ጅብ ለመግደል የሚቀመጠው የተመረዘ ሥጋ ደግሞ ጥንብ አንሳን በመንጋ ይጨርሳል፤ ሰማያችን ላይ የሚዞሩት ጥንብ አንሳዎች በርካታዎቹ ዛሬ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት በጣም የተቃረቡ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። እኛ መርዙን በወጥመድ ተክተናል። ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርገን እግሮቹ ላይ የቆርቆሮ ኮፍያ ገልብጠን አድርገናል፣ አይጥ መውጣት ያቅተዋል። ከመርዙ ይረክሳል።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እስራኤል የሚኖር የአክስቴ ልጅ ቤት ሼአን ሸለቆ አካባቢ ሲሠራ እርሻው ውስጥ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ሳጥኖች አይቶ ፎቶ ላከልኝ። እዚያ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለዚችው ነጭ ፊት ጉጉት ሳጥን እየሰቀሉ አይጥን በመርዝ ፋንታ በእሷ ይቆጣጠራሉ፤ በኋላም ዮርዳኖሶችና ፍልስጤማውያን ገበሬዎች ገብተውበታል፣ ጉጉት እዚያም በገድ አስፈሪ ተብላ የምትታይ ወፍ ሆና ሳለ። ሌሊቱን ጉጉት፣ ቀኑን ጭልፊት።

ወንድሜ አናጢ ነውና ሳጥን ሠራልን። ልትሠሩ ከሆነ መግቢያው በየጎኑ 13 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከመግቢያው ቀዳዳ እስከ ወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ ጥልቀት የሌለው ሳጥን ጫጩቶቹን ገና ሳይበሩ ያወጣቸውና ይወድቃሉ። ወለሉ ለብዙ ልጅ የሚበቃ ሰፊ ይሁን፣ የመጀመሪያው ጫጩትና የመጨረሻው በቀናት ልዩነት ስለሚፈለፈሉ ትልቁ ትንሹን እንዳይረግጠው። ከመሬት ቢያንስ ሦስት ሜትር ከፍ አድርጉት፣ ዝናብ ከሚመታበት አቅጣጫ አዙሩት። ማሳው መሀል ደግሞ አግዳሚ የተመታበት ተራ እንጨት ትከሉ። ለማረፊያ ነው። ከሁሉ ርካሹ ሥራ እሱ ነው፣ የሠራነው ዕለት ማታውኑ ጥቅም ላይ ውሏል።

ሳጥኑ ውስጥ አሁን ጥንድ ጉጉቶች አሉ። አንዷ የኛዋ ትሁን አትሁን አላውቅም፣ እግሯ ላይ ቀለበት አላሰርንላትም፣ ሰው ስታይም ትሸሻለች። ሰው ሲጠይቀኝ «እሷ ናት» ማለት ደስ ይለኝ ነበር።

እማማም በቀደም «የእኔ ጎተራ ዘንድ ሳጥን አይሰቀልም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል፣ ከቤታቸው ራቅ ብሎ እንዲሆን አስጠንቅቀው። ወንድሜ ጣውላ ቆርጧል። ሳጥን ያላችሁ ደግሞ ስታጸዱ ጫጩትም እንቁላልም አለመኖሩን አረጋግጡ፣ የደረቀው ኩስና አቧራ ሳንባ ይጎዳልና አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የወጣውን ትፋት ደግሞ አትጣሉት። አንድ ሳህን ላይ ይቀመጥ፣ የሚያስፈልገው ጎረቤት አይጠፋም።